ውጤቱ ወደ ማን ይመለሳል?

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎችን በጠቅላላ የሚመለከት አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። 150 ሺህ ያህል ተማሪዎች ተፈተኑ፤ ያለፉት ከመቶ 41 ገደማ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት ከመጡት 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ከመጡት ያለፉት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ወሬው ለሳምንታት ከቤት እስከ መሥሪያ ቤት አልበረደም። ልጁን ለዓመታት ከፍሎ ያስተማረ ወላጅ አለቀሰ፣ ተማሪው አፈረ፣ ኮሌጆች መግለጫ አወጡ። ከዚያ ወዲህም ፈተናው በተሰጠ ቁጥር የምንነጋገረው ያንኑ ነው፤ ስንቱ አለፈ፣ ስንቱ ወደቀ፣ የትኛው ተቋም በለጠ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የአንድ ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግ ተመራቂዎች ከኦዲት የቀረቡላቸውን ጥያቄዎች በአብዛኛው መልሰው፣ ከወጪ ሒሳብ የቀረቡትን ግን በአብዛኛው ስተው ቢሆን ይህን ማን ያውቃል? የወጪ ሒሳብን ኮርስ በሦስተኛው ዓመት ያስተማረው መምህር ያውቀዋል? ካወቀስ ኮርሱን በሚቀጥለው ዓመት ሲያስተምር ምን ይለውጣል? የላቦራቶሪ ውጤት ለሐኪሙ ሳይደርስ መዝገብ ቤት ገብቶ ቢቀር በሽተኛው ደሙን የሰጠው በከንቱ ነው። በኮሌጆቻችን ያለው ምዘና በአብዛኛው እንዲህ ዓይነት ነው ብዬ አምናለሁ። መመዘን አላነሰንም፤ እንዲያውም ተማሪው ከመመዘን ፋታ የለውም። የጎደለው የተመዘነው ነገር ሊለውጥ ለሚችለው ሰው፣ ሊለውጥ በሚችልበት ጊዜ መመለሱ ነው።

የመውጫ ፈተናው ለዚህ የተመቸ ነው። ለየትምህርት መስኩ በተለዩ ብቃቶችና ኮርሶች ላይ ተመሥርቶ ይዘጋጃል፣ በምርጫ ጥያቄዎች በኮምፒውተር ይሰጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥያቄ ከየትኛው ኮርስ እንደመጣ፣ እያንዳንዱ ተፈታኝ የትኛውን እንደመለሰና የትኛውን እንደሳተ በማሽኑ ውስጥ አለ። ለሕዝብ የሚነገረው ግን የማለፍ መጠኑ ነው፤ ተፈታኙም በዋናነት የሚያየው ጠቅላላ ውጤቱን ነው። 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ ዲግሪ፣ በታች ከሆነ ድጋሚ። ለአራት ዓመት ትምህርት የተሰጠ ምላሽ በአንድ ቁጥር ያልቃል።

ብዙ የትምህርት ክፍሎች ለፈተናው የሰጡት መልስ የሚጠበቅ ነበር፤ በመጨረሻው ሴሚስተር ቱቶሪያል ማዘጋጀት፣ ሞዴል ፈተና መስጠት፣ በቴሌግራም የሚዘዋወሩ የጥያቄ ስብስቦችን ማሠራት። አልወቅሳቸውም። ተማሪው ዲግሪውን ሊያጣ ነው፣ ተቋሙም ስሙን፤ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው የቀረበውን ገመድ ይይዛል። ግን በመጀመሪያው ዓመት የተበላሸን ነገር በአራተኛው ዓመት በሦስት ሳምንት ክለሳ ማቃናት አይቻልም። ክለሳው የሚረዳው አንዴ ገብቶት የረሳውን ተማሪ ነው። መጀመሪያውኑ ያልገባው ተማሪ መልሱን በቃሉ ይይዛል፣ ያልፋልም ይሆናል፤ ባንክ ተቀጥሮ የመጀመሪያውን ብድር ሲገመግም ግን ጉድለቱ ይወጣል።

ስለዚህ ነገሩን ከመግቢያው በር ብንጀምረው ይሻላል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ፣ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት ከጀመረ በኋላ የወጣውን ውጤት ሁላችንም እናስታውሳለን። በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት 3.2፣ ከዚያም 5.4። መንግሥት ክፍተቱን ለመሙላት የሬሜዲያል ፕሮግራም ጀመረ። ይህ ሁሉ ሲሆን በዩኒቨርሲቲዎቹ እጅ የገባ አንድ ውድ ነገር ነበር፤ የእያንዳንዱ ገቢ ተማሪ ውጤት በየትምህርት ዓይነቱ። ሒሳብ ላይ 28 ያመጣና እንግሊዝኛ ላይ 61 ያመጣ ተማሪ ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ሴክሽን እንደተመደበ ማወቅ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ውጤቱ ምደባውን ከወሰነ በኋላ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። የፍሬሽማን ሒሳብ መምህሩ 70 ተማሪዎች ፊት ቆሞ ምዕራፍ አንድን ሲጀምር ከፊቱ ስላሉት ልጆች የሚያውቀው ስማቸውንና መታወቂያ ቁጥራቸውን ነው። ማን ምን ይዞ እንደመጣ ያውቅ ዘንድ በመጀመሪያው ሳምንት ሃያ ጥያቄ፣ ውጤቱ የማይያዝ፣ ስም ለመያዝ ሳይሆን አቅጣጫ ለመያዝ የሚሰጥ ፈተና ቢያዘጋጅ የሴሚስተሩ አካሄድ ሊለወጥ ይችል ነበር። ክፍሉ ግማሹ ክፍልፋይ ላይ እንደሚደናቀፍ ያወቀ መምህር ካልኩለስን እንደ ወትሮው አይጀምርም።

ተከታታይ ምዘና በአገራችን አዲስ አይደለም። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ በሰነዶቻችን ውስጥ አለ፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም የኮርሱ ውጤት ግማሽ ያህሉ ከእሱ ይያዛል። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ተማሪው ሲማር እየታየ፣ የጎደለው እየተሞላ እንዲሄድ ነው። በተግባር የምናየው ግን በአብዛኛው የፈተና ብዛት ነው። ኩዊዝ ከአሥር፣ ቴስት ከሃያ፣ የቡድን አሳይመንት ከሃያ፣ ከዚያ ፋይናል። የቡድን አሳይመንቱን አንዱ ጎበዝ ይሠራዋል፣ አምስት ስም ይጻፍበታል፣ አምስቱም እኩል ያገኛሉ። ኩዊዙ ከወር በኋላ ይመለሳል፤ ሲመለስም በቀይ እስክሪብቶ 6/10 ተጽፎበት ነው። የፋይናል ወረቀቱን ተማሪው ቅሬታ ካላቀረበ በቀር ብዙ ጊዜ ዳግም አያየውም። ሬጅስትራር ሲስተም ላይ ገብቶ ሲ ፕላስ ያያል፣ ይከፋዋል ወይም ይደሰታል፣ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ይሄዳል። የትኛው ጥያቄ እንዳሳሳተው፣ ለምን እንደሳተ የሚነግረው የለም። ለመምህሩ ዘጠና ወረቀት በአንድ ሳምንት አርሞ ማስገባት ግዴታው ነው፤ እያንዳንዱ ላይ አስተያየት ጻፍ ብንለው ደመወዙንና የሥራ ጫናውን እያወቅን ግፍ እየሠራንበት ነው። ይህን ሳልል ማለፍ አልፈልግም።

ግን ቁጥሩ ራሱ ምን ያህል እንደሚያስተምር ብናውቅ ብዙ ድካም እንድናለን። ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ በ1988 እ.ኤ.አ. እስራኤል ውስጥ በትምህርት ቤት ተማሪዎች ላይ ያደረገችው ጥናት ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል። ተማሪዎቹ ለሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ሥራው ሲታረም ቁጥር ብቻ ተሰጠው፣ ሁለተኛው የጽሑፍ አስተያየት ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም። የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ነበሩ። ቁጥርም አስተያየትም ያገኙት ቁጥር ብቻ ካገኙት ያን ያህል አልተሻሉም። ልጁ ቁጥሩን ካየ አስተያየቱን አያነብም፤ ዓይኑ ወደ ጎረቤቱ ወረቀት ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህን በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ መምህሩ የሴሚስተሩን ኩዊዞች ሁሉ በቁጥር ከማረም፣ ሁለቱን ቁጥር አልባ አድርጎ ጊዜውን ለአስተያየት ቢያውለው ድካሙ አይጨምርም። አስተያየቱም በየወረቀቱ ላይ መሆን የለበትም። አብዛኛው ክፍል የሚሳሳተው ሦስት አራት ዓይነት ስሕተት ነው፤ እነዚያን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ለአሥር ደቂቃ ማስረዳት ይበቃል።

ፈተና ራሱ ማስተማሪያ መሆኑም የተረጋገጠ ነገር ነው። ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ጽሑፍን ደጋግመው ካነበቡ ተማሪዎች ይልቅ አንብበው ወረቀቱን ዘግተው ያስታወሱትን የጻፉ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታወሱ። ደጋግመው ያነበቡት ደግሞ ራሳቸውን ይበልጥ የሚያውቁ አድርገው ገምተው ነበር። ዶርም ውስጥ ሀንድአውት በቢጫ እስክሪብቶ እያሰመረ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሚያነበው ልጅ ድካሙ የት እንደሚፈስስ ማንም አልነገረውም። ማርክ የማይያዝበት ትንሽ ፈተና፣ በየሳምንቱ፣ ለእሱ ከአዲስ ሀንድአውት ይበልጥበታል።

ከሁሉ ርካሹ መሣሪያ ግን አሁንም ግማሽ ወረቀት ነው። ቶማስ አንጄሎና ፓትሪሺያ ክሮስ የተባሉ አሜሪካውያን የትምህርት ባለሙያዎች ለኮሌጅ መምህራን ባሳተሙት የክፍል ውስጥ ምዘና መመሪያ ላይ በስፋት ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ተማሪዎች ስማቸውን ሳይጽፉ ሁለት ነገር ይጽፋሉ፤ ዛሬ ከተማርኩት ዋናው ምንድን ነው፣ ያልገባኝስ ምንድን ነው። መምህሩ ሰባውን ቁራጭ ወረቀት ሻይ እየጠጣ ያነባል። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ብዙዎችን ያደናገረውን ነጥብ መልሶ ያነሳል።

ይህ ዘዴ እዚህ አገር ከየትም በላይ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። ተማሪዎቻችን ክፍል ውስጥ አይጠይቁም። ስንፍና አይደለም። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ታላቅ ሲናገር ዝም ማለትን ተምረዋል፤ በዚያ ላይ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ማቅረብ አለባቸው፣ ሰባ ሰው እየሰማ። የሚያስቁ መስሏቸው ዝም ይላሉ። መምህሩም ዝምታውን መግባባት አድርጎ ይወስደዋል። በዚያ ግማሽ ወረቀት ላይ ግን ተማሪው ያልገባውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በትግርኛ፣ በፈለገው ቋንቋ እንዲጽፍ ቢፈቀድለት መምህሩ እስከ ዛሬ ያልሰማውን ነገር ይሰማል። መምህሩ የማያነበው ቋንቋ ከሆነ የክፍሉ ልጆች ያነቡለታል። እዚህ ላይ የሚገለጥ አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ። ተማሪው የወደቀው ጽንሰ ሐሳቡ ስላልገባው ነው ወይስ ጥያቄው የተጻፈበት እንግሊዝኛ ስላልገባው? አሁን ያለን ፈተና፣ ከኩዊዙ እስከ መውጫ ፈተናው፣ ሁለቱን አይለይም። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። አንዱ የፊዚክስ መምህር ይፈልጋል፣ ሌላው የቋንቋ ድጋፍ። የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ተማሪዎቹ የፍላጎትና አቅርቦትን ግራፍ በትክክል እየሳሉ ረጅም ጥያቄ ላይ ሲደርሱ የሚደናቀፉ መሆኑን ቢያውቅ ቱቶሪያሉን ማን እንዲሰጥ ይጠይቅ ነበር? ይህን የሚመልስ ምዘና እስካላዘጋጀን ድረስ ተማሪውን ሰነፍ፣ መምህሩን ደካማ እያልን እንቀጥላለን።

ስለ መማር ይህን ያህል ካልኩ ስለ አገልግሎት ደግሞ። ተማሪ የሚወድቀው ክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም። ምዝገባ ላይ፣ ካፌ ሰልፍ ላይ፣ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ፣ ኪሱ ውስጥም ይወድቃል። በዚህ ረገድ የማውቀው ጥሩ ምሳሌ አትላንታ ያለው የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ተማሪዎቹ በብዛት ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚመጡ ናቸው። በ2003 እ.ኤ.አ. ከተማሪዎቹ በስድስት ዓመት ውስጥ የሚመረቁት 32 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው የራሱን የቆየ መዝገብ አውጥቶ ማጥናት ጀመረ፤ ማን በየትኛው ኮርስ ምን አምጥቶ በኋላ ምን ሆነ? በአንዳንድ የትምህርት ክፍሎች በመጀመሪያው ዋና ኮርስ ሲ ያመጣ ተማሪ እስከ ምረቃ የመድረስ ዕድሉ ኤ ወይም ቢ ካመጣው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሲ ማለፊያ ስለሆነ እስከዚያ ማንም ደንግጦ አያውቅም ነበር። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ አማካሪ ተማሪውን ፈልጎ ያነጋግረዋል። ከመዝገቡ ሌላም ነገር ወጣ። ብዙ ተማሪዎች ከምዝገባ የሚሰረዙት በትንሽ ቀሪ ክፍያ ነበር፣ ሊመረቁ ጥቂት የቀራቸውም ጭምር። ዩኒቨርሲቲው ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማካይ 900 ዶላር ገደማ የሆነ ድጎማ ሳይጠየቅ በቀጥታ ሒሳባቸው ላይ ያስገባላቸው ጀመር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚመረቁት ከግማሽ በላይ ሆኑ።

የእነሱ ገንዘብና ሶፍትዌር የለንም። ያንን ያመጣው ዋናው ነገር ግን የራስን መዝገብ ማንበብ ነው፤ መዝገብ ደግሞ እኛም ጋ አለ። የትኛው የአንደኛ ዓመት ኮርስ ብዙ ኤፍ እንደሚሰጥ፣ ተማሪዎች ዊዝድሮው የሚሞሉት በየትኛው ሳምንት እንደሆነ፣ ከየትኛው አካባቢ የመጡ ልጆች በመጀመሪያው ሴሚስተር እንደሚባረሩ ሬጅስትራር ቤት ተቀምጧል። ሪፖርት ሲጠየቅ የሚወጣው ግን ድምሩ ነው። ሴት ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት ከወንዶች ይልቅ በብዛት እንደሚባረሩ ለዓመታት ሲነገር ኖሯል፤ የሥርዓተ ፆታ ቢሮዎችም የማጠናከሪያ ትምህርት ያዘጋጃሉ። በዓመቱ መጨረሻ የሚቀርበው ሪፖርት ይህን ያህል ሴት ተማሪዎች ተሳትፈዋል ይላል። ተሳትፈው ውጤታቸው ተለወጠ ወይ? የቀሩትስ ለምን ቀሩ? ትምህርቱ የሚሰጠው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሆኖ ከክፍሉ እስከ ዶርም ያለው መንገድ ጨለማ ስለሆነ ቢሆንስ? ያኔ የሚያስፈልገው መፍትሔ ቱቶር መጨመር ሳይሆን አምፖል መትከል ነው። የእርካታ መጠይቅ በየዓመቱ ይበተናል፤ የሚሞላው ግን ግቢ ውስጥ ያለው ተማሪ ነው። ሄዶ የቀረውን ደውሎ ለምን ሄድክ፣ ለምን ሄድሽ ብሎ የሚጠይቅ ቢሮ ቢኖር ስለ አገልግሎቱ ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው የዚያ ተማሪ መልስ ነበር።

ይህ ሁሉ የማይሆንበት ትልቁ ምክንያት ፍርሃት ነው ብዬ አስባለሁ። ግምገማ በአገራችን ለረጅም ጊዜ ሰው ተነስቶ የሚወቀስበት፣ ጥፋቱን የሚያምንበት ስብሰባ ሆኖ ቆይቷል። ከዚያ የመጣ መምህር የተማሪዎቹ ድክመት በኮርሱ ስም በሰንጠረዥ ሲቀርብ የሚያየው ክሱን ነው። በሴሚስተሩ መጨረሻ ተማሪዎች የሚሞሉት የመምህራን ምዘና ለደረጃ ዕድገት ስለሚቆጠር መምህሩ ማርክ ሲሰጥ እሱን ያስባል፤ ተማሪውም ኮርሱ ካለቀ በኋላ የሞላው አስተያየት ለእሱ ምንም እንደማይለውጥ ያውቃል፣ ሁሉንም ‹በጣም ጥሩ› ብሎ ያልፋል። ተመሳሳዩ መጠይቅ በስድስተኛው ሳምንት፣ ለመምህሩ ብቻ፣ ከዲን እጅ ሳይገባ ቢሰጥ እውነት ይጻፍበታል። ተቋሙ ራሱም ከዚህ ፍርሃት ነፃ አይደለም። የጥራት ኦዲት ሲመጣ የራስ ግምገማ ሰነድ ይዘጋጃል፣ ቃለ ጉባኤ ይፈለጋል፣ ፋይል ይሞላል፤ ኦዲተሮቹ ሲሄዱ ሰነዱን መልሶ የሚከፍት ጥቂት ነው። ለመሻሻል የሚሰበሰብ መረጃና ለመቅጣት የሚሰበሰብ መረጃ አንድ መዝገብ ላይ እስካሉ ድረስ ማንም ድክመቱን አይጽፍም። የትምህርት ሚኒስቴርና የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይህን ልዩነት በመመሪያ ሊያስቀምጡት ይገባል።

የመምህር ደመወዝ፣ የክፍል መጨናነቅ፣ የመጽሐፍ እጥረት እያለ ስለ ምዘና ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ችግሮቹን አልክድም፤ ምዘና ለማንም ደመወዝ አይጨምርም። ይሁን እንጂ ትንሽ ገንዘብ ያለው ተቋም የት ላይ እንደሚያውለው ማወቅ ከሀብታሙ ይበልጥ ያስፈልገዋል። አንድ ዲፓርትመንት ለአንድ ዓመት ሁለት ተጨማሪ ቱቶር ብቻ መቅጠር ከቻለ በየትኛው ኮርስ፣ በየትኛው ሳምንት እንደሚያሰማራቸው በግምት መወሰን የለበትም።

በመውጫ ፈተናው የወደቁት ደግሞ አሉ። ከመጀመሪያው ዙር ብቻ ወደ 90 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ዲግሪያቸውን ሳይዙ ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ ከነሱ ብዙዎቹ ለግል ኮሌጅ ዓመታት የከፈሉ ናቸው። እንደገና እንዲፈተኑ ዕድል ተሰጥቷቸዋል፣ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን 43 ያመጣ ሰው ሰባቱ ነጥብ የት እንደጎደለው ካላወቀ የአራት ዓመቱን ሀንድአውት ሁሉ ከሥር ጀምሮ ሊያነብ ነው፣ ሥራ እየፈለገ፣ ቤተሰብ እየጦረ። ለእያንዳንዱ ተፈታኝ ኮርስ በኮርስ የተተነተነ አንድ ገጽ ይድረሰው። ያው ትንታኔ በየትምህርት ክፍሉ ተደምሮ፣ መስከረም ላይ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት፣ በመምህራኑ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ የወደቁበት ኮሌጅ ደግሞ በብዛት የሳቱባቸውን ኮርሶች ያለ ተጨማሪ ክፍያ መልሶ እንዲያስተምር ይገደድ፤ ገንዘቡን ተቀብሎበታልና።